ሳላስቅ የተመለስሁበት ቀን

የያዙኝ ቡሬ ገበያ መሐል፣ ሰው ከቦኝ እየሳቀ ሳለ ነው። አንዲት ሴት ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ስታልፍ አየኋትና፣ «አይዞሽ እቴ፣ አትሸፍኚው። የእኛ አገር አውራ ዶሮ ጣሊያን ከገባ ወዲህ ብልሃት አግኝቷል፤ ሲነጋ የሚጮኸው በሹክሹክታ ነው» አልሁ። ወታደሮቹ ከየቤቱ ዶሮ እየለቀሙ ይወስዱ ስለነበር ነገሩ ለሁሉም ገባው። ከሁሉ አስቀድሞ የሳቀው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነበር። ያሳሰረኝም እሱ ነው፤ ለካ ለጣሊያን ያደረ ኖሯል። እጄን በገመድ ሲጠፍሩኝ ገና የሳቅ እንባውን ይጠርግ ነበር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። መንደራችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው፣ በዚያን ጊዜ ወጀት ከምንላት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አባቴ የተመሰገነ አራሽ ነበር። እኔ ግን ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት ተስኖኝ ቀረሁ፤ በሬዎቹ እንኳ ዞር ብለው የሚታዘቡኝ ይመስለኝ ነበር። የምችለው ሰው ማሳቅ ነው። ሠርግ ሲሆን፣ ደቦ ሲወጣ፣ ማኅበር ሲጠጣ ይጠሩኛል። አባቴ፣ «ጥርስ ማስከፈትም ሥራ ሆኖ!» ይል ነበር። እኔን ግን ሲስቁልኝ ሰው የሆንሁ፣ ዝም ሲሉኝ ያልተወለድሁ ይመስለኝ ነበር።

የታሰርሁበት ክፍል ቀድሞ እህል ይከማችበት የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። የሰነበተ ዳጉሳ ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም። ከጣሪያው ሥር ክንድ የማታሳልፍ መስኮት አለች። ሰባት ሰዎች አገኘሁ። በሩ እንደተዘጋ አንድ የደምበጫ ገበሬ ብድግ አለ።

«ኧረ ይሄ ያ ጨዋታ አዋቂው ነው! ሠርጌ ላይ ሆዴን ይዤ የሳቅሁበት! በል ተቀመጥ፣ እግዜር ነው ያመጣህ።»

ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ። ገመድ የላጠው አንጓዬ እያቃጠለኝ የዶሮውን ነገር ነገርኋቸው። ማንም አልሳቀም። ገበሬው፣ «የእኔን ዶሮ ከነቤቱ ነው ያቃጠሉት» አለ። ቂም አልነበረበትም፤ እንዲሁ መንገሩ ነው።

በማግሥቱ የዘቡን አረማመድ አስመስዬ አሳየኋቸው። በሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ይንከባለልበት ነበር። አንዱ ለይሉኝታ ፈገግ አለ፤ እሱ ደግሞ ከዝምታው ባሰብኝ። በሦስተኛው ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ጥግ ላይ አንድ አዛውንት የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። እሳቸው የታሰሩት፣ ተማሪዎቻቸው ከፈጣም ወንዝ ማዶ ካሉት አርበኞች ጋር ተቀላቅለዋል በሚል ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ሰውን የሚለዩት በድምፁ ነበር፤ የእኔ ድምፅ ሲጠፋባቸው ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አላመመኝም የኔታ። ሥራዬ ነው የጠፋብኝ።»

«ሥራህ ምን ነበር?»

«ማሳቅ።»

ይዘባበቱብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ቀረቡኝ።

«እኔ በጎልማሳነቴ» አሉ፣ «በአንድ ትልቅ ደብር፣ በበዓል ቀን፣ ሊቃውንቱ ቆመው ሳለ ቅኔ ልዘርፍ ተነሣሁ። የመጀመሪያውን ቤት አልሁ። ሁለተኛው ጠፋ። ብፈልገው፣ ብፈልገው፣ የለም። ሊቃውንቱ ጠበቁኝ፤ በኋላ ማሳል ጀመሩ። ከዚህ ወዲያ አልኖርም ብዬ ዋሻ ገባሁና ሦስት ቀን ሞትን ጠበቅሁ።»

«ከዚያስ የኔታ?»

«ራበኝ። ወጣሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ የመጀመሪያዬ ነው።

«ስወጣ» አሉ ቀጥለው፣ «አንዲት ባልቴት ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ። ቅኔህ ሞላልህ ወይስ ጎደለብህ አላለችም።»

ያን ጊዜ ለማንም ነግሬው የማላውቀው ነገር ከአፌ ወጣ። አንድ ጥር ከአንድ ሠርግ ጠጥቼ ወደ ሌላ ሠርግ ስሄድ መንገድ ተሳሳትሁ። ዳስ አየሁ፣ ቄሶች ተቀምጠዋል፣ ጠላው ይቀዳል፤ ገባሁና ጀመርሁ። የማውቀውን ሁሉ ደረደርሁ። ማንም ጥርሱን አልገለጠም። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ ጨንቆኝ፣ «ኧረ ሙሽራው የታለ? ምነው ተደበቀሳ?» አልሁ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ ከተደበቀ ዛሬ አርባ ቀኑ ነው» አሉኝ። ተዝካር ኖሯል። ዱላዬንም ጫማዬንም ጥዬ ወንዙን ተሻገርሁ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የኔታ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። ገበሬው እየሳቀ ግድግዳውን በቡጢ ይደበድብ ነበር፤ ዘቡ በሩን በሰደፍ እስኪመታ ድረስ። ሳቁ ሲበርድለት ስለተቃጠለው ቤቱ ማውራት ጀመረ። ምሰሶውን ከየት እንዳመጣው፣ ማን እንዳገዘው፣ ሁሉንም። እስኪመሽ ሰማነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀትር ላይ፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ መጣ። የጦሩ አዛዥ እንግዶች አሉት።

«የዶሮውን ሰውዬ አምጡልኝ ብሏል። በእነዚያ በረሃ በገቡት ሽፍቶች ቀልደህ ካሳቅኸው ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ገበሬው እጄን ያዘኝ። «ሂድ፣ ቀልድና ውጣ። እኛ አንቀየምህም።»

የኔታን አየኋቸው። ሂድም ቅርም አላሉኝም። «ነጠላህን አስተካክል» ብቻ አሉ።

ዋርካ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። መኮንኖቹ ወይን ይጠጣሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አልዋሽም፤ ሰው ስለተመለከተኝ ደስ አለኝ። ቀልዱም መጣልኝ። አንድ ባዶ እግሩን ያለ አርበኛ ከቆንጥር ጋር ሲሟገት የሚያሳይ፣ ጥሩ ቀልድ ነበር። እንደሚያስቅ አውቄዋለሁ። የኔታን ተማሪዎች አሰብሁ፤ የኔታ ስማቸውን እየጠሩ ሲጸልዩላቸው እሰማ ነበር።

«ዛሬ አልመጣልኝም» አልሁ።

«ሞክር እንጂ፣ አንተ ሰው!» አለ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አንዳንድ ቀን እንዲህ ነኝ። አይመጣልኝም።»

እጄን አጣምሬ ዝም ብዬ ቆምሁ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልተናገረም። ዕድሜዬን ሙሉ የሸሸሁት ዝምታ ይኸው ነበር። ከውስጡ ግን እኔ አልጠፋሁም፤ እዚያው ቆሜ እተነፍስ ነበር። አንዱ መኮንን በጥፊ መታኝና መለሱኝ። በእስራቴ ላይ አምስት ወር ጨመሩብኝ።

የኔታ የእግሬን ድምፅ ሲሰሙ፣ «ሳቁ?» አሉ።

«አልሳቁም የኔታ።»

«እሰይ» አሉና ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

የኔታ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የቅኔ ጉባኤያቸውን እንደገና ተክለው ብዙ ዓመት አስተማሩ። አዝመራ በገባ ቁጥር እየሄድሁ እጠይቃቸው ነበር። ከተማሪዎቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ከቅኔው አንድም አይገባኝም። ማምሻውን ግን፣ «በል እስቲ፣ ያን ተዝካር ለልጆቹ ንገራቸው» ይሉኛል። መቶ ጊዜ ሰምተውት እሳቸው ናቸው ቀድመው የሚስቁት። አሁን የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እኔም አርጅቻለሁ። ባለፈው ጥር የጎረቤት ሠርግ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ነበር፤ ወጣቶቹ አልገባቸውም መሰለኝ፣ ዝም አሉ። ድሮ ቢሆን ያን ሳምንት ሙሉ እህል አይወርድልኝም ነበር። ጠላዬን ጎንጨት አልሁና አጠገቤ የተቀመጠውን እንግዳ፣ «በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ከረመ?» ብዬ ጠየቅሁት። ረጅም ጊዜ አጫወተኝ። ደስ የሚል ሰው ነው።