ይቅር ያልኳቸው ሰው

ጋሼ ሬዲዮ ሲጠግኑ ብሎን በከንፈራቸው ይይዛሉ። አንዳንዴ ሁለት፣ አንዳንዴ አምስት። ስለዚህ ሥራ ላይ እያሉ የሚያናግራቸው ሰው መልስ የሚያገኘው በአፍንጫቸው ነው፤ አንዴ "እም" ካሉ እሺ፣ ሁለቴ ካሉ ነገ ተመለስ ማለት ነው። ሰፈሩ "ጋሽ ብሎን" ይላቸዋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የአባቴ ወንድም አይደሉም፤ ግን ከአባቴ ወንድሞች ሁሉ አብልጠው የሚያውቁኝ እሳቸው ናቸው።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የእኔ ሳሎንና የእሳቸው ሱቅ ድሮ አንድ ክፍል ነበሩ፤ አከራዩ መሃል ላይ ቺፕውድ አቁሞ ሁለት አደረጋቸው። ቺፕውዱ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። እሳቸው ሲያስነጥሳቸው እኔ "ይማርዎት" እላለሁ፤ እኔ ደንበኛ ስቆጣ እሳቸው ወዲያ ማዶ ይስቃሉ።

ዘፈን መሥራት የጀመርነው በዚሁ ግድግዳ ነው። ጋሼ አፋቸው በብሎን ስለሚያዝ ቃል አያወጡም፤ ዜማ ብቻ ያንጎራጉራሉ። እኔ ደግሞ እጄ ቀኑን ሙሉ ሰው ፀጉር ውስጥ ስለሚውል የሚተርፈኝ ጆሮና አፍ ነው። አንድ ቀን የሰማሁትን ዜማ ቃል አልብሼ መለስኩላቸው። ብሎኖቹ ጣሳ ውስጥ ሲንኳኩ ሰማሁና "እስቲ ሁለተኛዋን መስመር ድገሚያት" አሉኝ። እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ዓመት ሞላን። እሳቸው ይልካሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። የኔ ቃል ሲረዝም ዜማውን ያስረዝሙታል፤ እሳቸው ሽቅብ ሲወጡብኝ ቃሉን አሳጥረዋለሁ። ሳሎኑን ስዘጋ አንድ ዘፈን ይኖረናል፤ ወይም ምንም አይኖረንም፣ ያም ቢሆን አናዝንም።

ማን የትኛውን እንዳወጣ ተነጋግረን አናውቅም። አንዴ ብቻ "ይቺ አዝማቿ እኮ የእርስዎ ናት" ብላቸው ተቆጡኝ።

"ሬዲዮው ሲናገር የትኛዋ ብሎን ናት ያናገረችው ብዬ ልመርምር? ተይ እባክሽ" አሉኝ።

ሕጋችን ይኸው ነበር፦ አይጻፍም፣ አይቀዳም፣ የማነው አይባልም። በማግስቱ የጠፋብን ዜማ ካለ መጥፋት ያለበት ነበር ይሉኛል። ዘፈኖቹን ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ምግብ ቤት ውስጥ እዘፍናቸዋለሁ። ጋሼ መጥተው አያውቁም። "ሰው እየበላ ነው፤ ለምን ላስቸግር" ይላሉ።

አንድ ወጣት የሙዚቃ ፕሮዲውሰር የመጣው ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሦስት ዘፈን ቆሞ ሰማኝና ስቱዲዮው እንድመጣ ነገረኝ። ለጋሼ ስነግራቸው ከእኔ በላይ ደስ አላቸው። "ሂጂ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ! የምጠግነው ሬዲዮ ውስጥ ከሰማሁሽማ ለባለቤቱም አልመልስለት" አሉ።

ስቱዲዮው ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል። በሩ ሲዘጋ ምራቄን ስውጥ እንኳ ይሰማኛል። የልጁ አሠራር ከኛ የተገላቢጦሽ ነበር። ሙዚቃውን ከነከበሮው ጨርሶ ይጠብቀኛል። "ቃሉን አሁን እርሺው፤ ዝም ብለሽ ና-ና-ና እያልሽ ሙዪበት። ቃሉ ኋላ ይመጣል" ይለኛል። እኔም ማይክራፎኑ ፊት ቆሜ ገንፎ እንቢ እንዳለው ሕፃን እናት ና-ና-ና እላለሁ። አንዷን መስመር አንዴ ደህና አድርጌ ካልኳት ይበቃዋል፤ ቆርጦ ሌላም ቦታ ይለጥፋታል። መስመር በመስመር መሃል የምስበውን ትንፋሽ ሳይቀር ለይቶ ያጠፋዋል።

ክፉ ልጅ አልነበረም፣ አልክድም፣ ብዙ አስተምሮኛል። "ለምንድነው የምትጮኺው?" ሲለኝ ነው የገባኝ፤ ለካስ አሥራ አንድ ዓመት ስዘፍን የኖርኩት የፀጉር ማድረቂያውን ድምፅ ለመብለጥ ነው። ዝቅ አድርጌ፣ ለአንድ ሰው ጆሮ እንደምነግር ሆኜ መዝፈን የተማርኩት እሱ ዘንድ ነው። ድምፄ አማረ። ግን የሚዘፈን ነገር ጠፋ። ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ፤ አንዲት መስመር ጠብ አላለችልኝም። ከዚያ ስፖንጅ ወዲያ የሚልክልኝ ሰው የለማ።

በስድስተኛው ሳምንት ልጁ ትዕግሥቱ አለቀ። "ስልክሽ ላይ የቀዳሽው ነገር የለም? ምንም ይሁን ምን" አለኝ።

አንድ ነገር ነበር። ለእህቴ የፀጉር ቀለም እንዳትረሳ የላክሁላት የድምፅ መልእክት። ከኔ ድምፅ ጀርባ ጋሼ ያንጎራጉራሉ። ያን ዜማ አንዳንዴ ብቻቸውን ሲሆኑ ነው የሚያወጡት፤ ለኔ ልከውልኝ አያውቁም፣ እኔም ቃል አልብሼው አላውቅም። ልጁ ደጋግሞ ሰማው። የኔን ድምፅ አደበዘዘና የጋሼን አጎላው።

"ይሄ ማነው?"

"ጎረቤቴ ናቸው። ሬዲዮ ጠጋኝ።"

"ዜማው የማነው?"

"የኔ ነው" አልኩት። "ከኔ ሰምተው ነው የሚያንጎራጉሩት።"

ብዙ ጊዜ ለራሴ ምክንያት ስፈልግ ኖሬያለሁ። የማነው አይባልም የሚለው ሕጋችን ትዝ ብሎኝ ነው ልል እችላለሁ። ውሸት ነው። ፈራሁ። የእሳቸው ነው ካልኩ ልጁ እሳቸውን ሊያስመጣ ነው፤ እኔ ደግሞ ና-ና-ና ባይ ሆኜ ልቀር ነው። ይህን በዚያች ቅጽበት አሰብኩ፣ አስቤም ተናገርኩ።

ቃሉ በአንድ ከሰዓት ወጣልኝ፦

በሩን ገርበብ አርጌ ደጅ ደጁን ሳዳምጥ፣
ኮቴ ባለፈ ቁጥር ልቤ ሲናወጥ

ዘፈኑ ወጣ፤ ሰውም ወደደው። ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰማሁት። ደንበኞቼ ማድረቂያው ሥር ተቀምጠው መልሰው ለኔው ይዘፍኑልኛል። ግጥምና ዜማ በሚለው ቦታ የኔ ስም ተጽፏል።

በዚያው ሳምንት ግድግዳው ጸጥ አለ። የብሎን ድምፅ አለ፣ የመፍቻ ድምፅ አለ፤ የጋሼ እንጉርጉሮ ግን የለም። ማወቃቸውን ጠረጠርኩ፣ ጥርጣሬም ሳይሆን እርግጠኛ ሆንኩ። ጸጥታውን ላለመስማት ሰው በሌለበት ማድረቂያውን አበራ ጀመር። ጠዋት የምገባው በእሳቸው በር አልፌ ሳይሆን በጓሮ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳልላቸው ሰነበትኩ፤ የምወቅሳቸውበትም ምክንያት አላጣሁም፣ ተቆጥተው ከሆነ ለምን አይናገሩም እያልኩ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ያን ጊዜ ልብ ብዬ አላየሁትም እንጂ። ጋሼ መርሳት ጀምረዋል። የአንዱን ሬዲዮ ለሌላው ይሰጣሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ሰፈሩ ይስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ። ነርስ የሆነችው ልጃቸው በምሳ ሰዓት እየመጣች ታያቸው ጀምራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሚመጣው ይምጣ ብዬ ሱቃቸው ገባሁ። ጋሼ ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"ነይ፣ ቁጭ በይ። እኔ ነበርኩ መምጣት ያለብኝ፤ አፍሬ ነው" አሉኝ።

"ምን ሆነው ያፍራሉ ጋሼ?"

"ያንን ዘፈን ሰማሁት። አቤት ሲያምር። ለካስ ያንቺን ዜማ ነው የኔ መስሎኝ ሳንጎራጉረው የኖርኩት። በዚህ ግድግዳ ሰምቼሽ ይሆናል፤ አእምሮዬ እንደሆነ እንደምታዪው ነው። ገና ሳትጨርሺው ለአላፊ አግዳሚው አሰማሁብሽ። ይቅር በይኝ ልጄ።"

መናገሪያዬ ያን ሰዓት ነበር። ወዲያ ማዶ ፀጉሯን ጠቅልዬ ያስቀመጥኳት ደንበኛ "የት ሄድሽ?" እያለች ትጣራለች። ለእሷ መልስ መስጠት ነበረብኝ ልል እችላለሁ። እሷ ግን ግማሽ ሰዓትም ትጠብቅ ነበር።

"ይቅር ብዬዎታለሁ ጋሼ" አልኳቸው። "ምንም አይደል።"

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና መረቁኝ። እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይታ። ያን ቀን እየዘፈንኩ ነው የዋልኩት። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው።

ከሳምንት በኋላ ልጃቸው ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች። አንገቷን መታጠቢያው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ስታናግረኝም አልገለጠችውም።

"ያ ዜማ እኔ ያደግሁበት ነው" አለችኝ። "እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አባባ እኔን ለማስተኛት ነው ያወጣው። ዜማው ያንተ ነው ብዬ ለአባባ ነገርኩት፤ የልጅቷን ስም እንዳታነሺ ብሎ ተቆጣኝ።"

ሻምፑውን ፀጉሯ ላይ አፈሰስኩ።

"ለዘፈኑ ብዬ አይደለም የመጣሁት፤ ዘፈኑን ከፈለግሽ ውሰጂው። ግን አንቺን ይቅርታ ከጠየቀ ወዲህ አባባ የኔ ነው የሚለው ነገር ጠፋ። ሸሚዙን አንስቶ የማነው ይለኛል። የጠገነውን ሬዲዮ ይዞ ይሄን እኔ ነኝ ወይ የሠራሁት ብሎ ይጠይቀኛል። ያቺን ዜማ በደንብ ያውቃት ነበር እኮ። በእሷ እንኳ ተሳስቻለሁ ካለ በኋላ ሌላውንም አላምንም አለ። እኔን አይሰማኝም፤ ልጅ ስለሆንኩ የማጽናናው ይመስለዋል። አንቺን ያምናል። እባክሽ ንገሪው።"

ውሃው ቀዝቅዞ እላይዋ ላይ ሲወርድ ቆይቷል። የዘጋሁት እጄን ሲቀዘቅዘኝ ነው።

በነጋታው ፕሮዲውሰሩ ጋ ሄጄ ዜማው ላይ የተጻፈው ስም እንዲስተካከል ጠየቅሁት። "ያኔ ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለኝ፣ ሌላ ክፉ ቃል አልወጣውም። ሙሉ ስማቸውን ንገሪኝ ሲለኝ ግን ከራሳቸው ስም አላለፍኩም። የአባታቸውን ስም አላውቀውም። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ልጃቸው ጋ ደውዬ ነው ያስጻፍኩት።

እሑድ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ልብስ ታጥፋለች። ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳቸው። ስፖንጁን፣ ስድስቱን ሳምንት፣ የማነው ስባል ያልኩትን፣ አንድም አላስቀረሁም። ሳላለቅስ ለመጨረስ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ጋሼ እስክጨርስ ሰሙኝና ፈገግ አሉ።

"እሷ ናት የላከችሽ አይደል?" አሉ ወደ ልጃቸው እያዩ።

"አይደለም ጋሼ። እውነቴን ነው። ይኸው ማስረጃው" ብዬ የስልኩን ድምፅ ከፈትኩላቸው። ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡ። ከኔ ወሬ ጀርባ ዜማው ይመጣል፣ ይሄዳል። ፊታቸው በራ። አወቁት ብዬ ልቤ ተንጠለጠለ።

"ድምፁማ የኔ ነው" አሉ። "አንቺም አለሽበት። ይኸው አንቺን እየሰማሁ ስከተልሽ።"

"እኔ እኮ እዚያ የማወራው ስለ ፀጉር ቀለም ነው ጋሼ! አልዘፈንኩም። ዜማው የእርስዎ ነው፤ የሰረቅኩዎት እኔ ነኝ።"

"እሺ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ፣ ሬዲዮ ይዞ የመጣን ሰው ምኑ ነው የተበላሸው ብለው በሚጠይቁበት ድምፅ። "እኔ ይቅርታ ስጠይቅሽ ይቅር አላልሽኝም?"

"ብያለሁ።"

"የኔ ቢሆን ኖሮ ይቅር ትይኝ ነበር? በገዛ ዕቃው ሽማግሌ ይቅርታ ሲለምንሽ፣ አንቺ እያወቅሽ ይቅር ብዬዎታለሁ ትያለሽ? አንቺ እንደሱ ዓይነት ሰው አይደለሽም። አሥራ አንድ ዓመት አውቅሻለሁ።"

ልጃቸው የያዘችውን ሸሚዝ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ እንደሱ ዓይነት ሰው ነኝ። እንዲሁም አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እንባዬን እንድጠርግ መሐረባቸውን ሰጡኝ። ሰጥተውኝም መልሰው አዩት።

"መሐረቡ የኔ ነው ወይ?" አሉ።

"ያንተ ነው አባባ" አለች ልጃቸው።

ሌላ መላ ሲጠፋኝ ዘፈንኩት። ቃሉን ትቼ ዜማውን ብቻ፣ እሳቸው እንደሚያንጎራጉሩት አፌን ዘግቼ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። አዝማቹ ላይ ስደርስ ጉሮሯቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሊገቡ ነው ብዬ ቦታ ለቀቅሁላቸው። አልገቡም። ደግሜ ከመጀመሪያው ጀመርኩና እዚያው ስደርስ ቆምኩ።

"ይግቡ እንጂ ጋሼ" አልኳቸው። "አብረን እንጨርሰው።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

"አይሆንም ልጄ" አሉኝ። "አንዴ ይቅር ብለሽኛል፤ ሁለተኛ የሰው ነገር አልነካም።"