ወርቂቱ እንዳትሰማ

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስልኳን እያቀበለችኝ፣ «ይሄ ነገር አፕዴት አድርገኝ እያለ ጨቀጨቀኝ፤ እባክህ ገላግለኝ» አለችኝ። ተቀብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ምን እንደሚጨምር ይናገራል፤ ምን እንደሚያጠፋ ግን አይናገርም። «ይቆይ» ብዬ መለስኩላት። «አንተ እኮ ስልክም ትጠረጥራለህ» ብላ ሳቀች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ በተረት አመለጥኳት። እውነተኛው ምክንያት ግን ቡራዩ ነው ያለው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ በሠራሁት ጥፋት ውስጥ።

ያኔ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። የሰፈራችን ጭቃ በክረምት ጫማ አውልቆ የሚያስቀር፣ ባሕር ዛፉ ከዝናብ በኋላ አፍንጫ የሚከፍት ነው። ኮምፒውተር ግማሹን ትምህርት ቤት፣ ግማሹን በመነካካት ስለተማርኩ ሰዉ «ኢንጂነር» ይለኝ ነበር። ኢንጂነር አይደለሁም ብዬ ያረምኩት ሰው ትዝ አይለኝም።

የእድራችን አባላት ያን ጊዜ መበተን ጀምረው ነበር። ገሚሱ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል፣ ገሚሱ ሱሉልታ ግንባታ ላይ ነው፤ ሌሊት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው የእድሩን ጥሩንባ አይሰማም፣ ቀብር ያመልጠዋል። የእድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንን መላ ፈልግ አሉኝ። እኔም ከኢንተርኔት አንድ የቴሌግራም ቦት አወረድኩ። አንድ የማላውቀው ሰው በሼል ስክሪፕት የጻፈው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ግማሹ ገባኝ፤ ያልገባኝን በእምነት አለፍኩት። ሱቁ ውስጥ ባለች አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩት። ጥሩንባ ነፊው ከእድሩ ስልክ አንድ መልእክት ሲልኩ፣ ቦቱ ተቀብሎ ለአባላቱ ሁሉ ያደርሳል።

አንድ ነገር ግን ይጎድለው ነበር። እኛ ዘንድ ሰው የወንድሙን ሞት መንገድ ላይ አይሰማም። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ደጃፉ ተሰብስበው፣ አንኳኩተው፣ ደግፈው ይዘው ያረዱታል። ቦቱን የጻፈው ሰው ይህን ከየት ያውቃል? ስለዚህ ከራሴ ጥቂት መስመሮች ጨመርኩና «ዝም» የሚባል መዝገብ ሠራሁለት። ስልክ ቁጥሩ እዚያ የገባ ሰው መልእክቱ ይዘለዋል። በዚህች ነገር ምን ያህል እንደኮራሁ አልነግራችሁም።

ጥሩንባ ነፊው ኦቦ ጉርሜሳ ነበሩ፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሰፈሩን ሞት የሚያሰሙ፣ ረጅም፣ ጥቁር ካፖርት የማይለያቸው ሽማግሌ። ላፕቶፗን ዞረው ካዩ በኋላ፣

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ሰው ያያል?» አሉኝ።

«አያይም ኦቦ ጉርሜሳ። አንቱ የላኩትን ብቻ ነው የሚያደርሰው።»

«ድምፄን ዝቅ አድርጌ የማልፍበት ቤት አለ። እሱን በምን ያውቃል?»

እኔ ይህን ቅናት ነው አልኩ። ሥራዬን ሊያበላሹ አንድ ቀን ይመጣሉ ብዬ ከዚያን ዕለት ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ጠበቅኳቸው። እየጠበቅኳቸውም አስተማርኳቸው፤ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ቁጥር ወደ «ዝም» ማስገባትና መልእክት መላክ ቻሉ።

ነሐሴ ላይ ነው። እኩለ ቀን፣ ዝናቡ ደንበኛ አላስገባ ብሎ፣ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥኩ ተቀምጫለሁ። የቦቱ አዲስ እትም መውጣቱን አየሁ። ሥራ ፈት እጅ አያርፍም፤ አሮጌውን አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። የአባላቱን ዝርዝር አሻግሬ፣ የራሴን መስመሮች መልሼ ለጠፍኩ። «ዝም»ን ግን ባዶውን እንደ አዲስ ፈጠርኩት፤ የሞተ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፣ ሰው ባልሞተበት ቀን ደግሞ መዝገቡ ባዶ ነው። ለራሴ ሙከራ ላክሁ፤ ሠራ። በቆሎዬን ጨረስኩ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መልእክት ደረሰኝ። «የወርቂቱ ወንድም ሆለታ ላይ አርፏል። ለመርዶ ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ደጃፏ እንገናኝ። እስከዚያ ወርቂቱ እንዳትሰማ።»

ወርቂቱ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤታችን ናት። ያሳደጋት ያ ወንድሟ ነው፤ ሌላ ሰው የላትም። መልእክቱን ከፋብሪካው በር ላይ ታክሲ ስትጠብቅ አነበበችው። ከማታውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጣ፣ ታክሲ እየቀያየረች፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ቡራዩ ደረሰች። ጩኸቷን የሰማነው የሰፈራችንን መታጠፊያ ስታልፍ ነው።

በማግስቱ ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ዞረ፤ ሰው ሁሉ ግን እኔን ነበር የሚያየው። ጋሽ መኮንን በሽማግሌዎች ፊት ጠየቁኝ። ላፕቶፗን ከፈትኩ። «ዝም» ባዶ ነው። አንድ ነገር ሽው አለብኝ፤ ወዲያው ገፋሁት።

«ኦቦ ጉርሜሳ ቁጥሯን አላስገቡም» አልኩ። አልበቃኝም፤ «ድሮም ነገሩን አልወደዱትም ነበር» ብዬ ጨመርኩ።

ሽማግሌው አቀርቅረው ጣታቸውን አዩ። «ያስገባሁ መስሎኝ ነበር» አሉ።

የእድሩ ሰዎች ስልኩንም ጥሩንባውንም ከኦቦ ጉርሜሳ ወሰዱ። ወርቂቱ መንገድ ላይ ስታገኛቸው ፊቷን ታዞርባቸው ጀመር። እኔ ደግሞ ይበቀሉኛል ብዬ የሱቁን ቁልፍ ቀየርኩ። በደጃችን ሲያልፉ ቀና ብለው ካዩኝ እየዛቱ ነው እላለሁ፤ ካላዩኝ እየዶለቱ ነው እላለሁ።

መስከረም ሲጠባ ጋሽ መኮንን ስልኩን ለአዲሱ ሰው አጽዳው ብለው ሰጡኝ። ስከፍተው የኦቦ ጉርሜሳና የቦቱ ምልልስ ወጣ። ያን ዕለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ የሆለታው ወሬ እንደደረሳቸው፣ የወርቂቱን ቁጥር አስገብተዋል። ከሥሩ የቦቱ መልስ አለ፦ «ተመዝግቧል። ለዚህ ቁጥር መልእክት አይደርስም።» እሳቸው በጠዋት የመዘገቡትን እኔ እኩለ ቀን ላይ አጥፍቼዋለሁ። ስልኩን ይዤ ወጣሁ።

ቤታቸው ስደርስ አጥር ያጥሩ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ስልኩን አስነበቡኝ።

«ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

መዶሻቸውን አስቀምጠው አንድ ግንድ ላይ ተቀመጡ። «ይሄን ሁሉ ቀን ጣቴን ስጠረጥር ከረምኩ። አርጅቷል፣ ሌላ ቁጥር ነክቶ ይሆናል እያልኩ። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፤ ለምን ትዋሻለህ?»

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ወርቂቱ የኦቦ ጉርሜሳን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል አነሷት። ጥሩንባቸው ተመለሰላቸው፤ ስልኩን ግን ዳግመኛ አልነኩትም። የሰው ቁጥር ሊነግሩኝ እንኳ ሲመጡ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ «ትክክል ነው አይደል?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ አያደርጉም።

አሁን እሳቸውም የሉም፤ የእኔም ጸጉር መሸሽ ጀምሯል። ሰው ማሽን የምፈራ ይመስለዋል። ማሽኑ ያዘዝኩትን ነው የፈጸመው። እኔ እኒያን ሰው በአረማመዳቸው፣ በዝምታቸው፣ በዓይናቸው ስጠረጥር፣ እሳቸው ግን አንድም ቀን እኔን አልጠረጠሩኝም፤ እኔን አምነው የገዛ እጃቸውን ጠረጠሩ። ቢጠረጥሩኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።