ለደሜ የበላሁት ጎመን

መጀመሪያ የተበላሸው የአፌ ጣዕም ነው። ሳንቲም አፌ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ሁዳዴ ስለነበር ጾሙ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሆዴን ይጠመዝዘኝ ጀመር፤ ሆድ ድርቀቱ ሌላ ጣጣ። ፊቴ ገረጣ። ጤና ጣቢያ ስሄድ "ደም ማነስ ነው፤ ጎመን አዘውትሪ" አሉኝ።

ጎመንማ ሞልቶናል። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከቆሻሻ መጣያው በታች ነው። ክረምት ከክምሩ ሥር የሚወርደው ጥቁር ውሃ በጓሯችን ያልፋል። የሽንት ቤት መምጠጫ መኪናም ዝቃጩን እዚያው ይደፋል። ሲደርቅ ሰፈርተኛው በጆንያ እየዛቀ ለጓሮው ያደርገዋል፤ የእኛን በባዶ እጄ የምበትነው እኔ ነበርኩ። ጎመናችን ቅጠሉ ሰፌድ ያክላል። እማዬ ለደሜ ብላ ጠዋት ማታ አበላችኝ።

ባሰብኝ።

አንድ ቀን ጆጉ ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። ወደቀ። የእጄ አንጓ ተንጠልጥሎ አልቀና አለ። ጮህኩ።

ሆስፒታል ያየችኝ ሐኪም ከንፈሬን ገልጣ ድዴ ላይ ሰማያዊ መስመር አገኘች።

"ምን ትበያለሽ?"

እማዬ ቀደመችኝ። "ጎመን ነው ዶክተር፣ ለደሟ።"

"የት የበቀለ?"

ነገረቻት። ሐኪሟ ከዚያ ጓሮ ምንም እንዳልቀምስ አዘዘች፤ ደሜም አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሌድ ሆነ፤ እርሳስ የሚባለው ብረት። ከተጣለ ባትሪ ሳይሆን አይቀርም አለች።

"አጥቤ፣ ቀቅዬ ነው የሰጠኋት!"

"እናቴ፣ ትል አይደለም እኮ። ቢቀቀልም አይሞትም።"

እማዬ ቤት ገብታ ጎመኑን ከነሥሩ ነቀለችው። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ደረሱ። "ከምትጥይው ለእኔ ስጪኛ! ልጅሽ ታመመች ተብሎ ንፉግ ሆንሽ?" እማዬ ጎመን ለለመናት እምቢ ብላ አታውቅም። ያን ቀን እምቢ አለች። ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው። እትዬ ውዴ እስከ ዛሬ አኩርፈዋል፤ ጓሯቸውም በዚያው ዝቃጭ እንደለመለመ ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው።

እኔ ብረቱን ከደም የሚያወጣውን ኪሌሽን የተባለ ሕክምና አዲስ አበባ ወስጄ ተመለስኩ፤ ጨርቅ ጠቅልዬ በእጄ እየጨመቅኩ፣ የታዘዘልኝን እንክብል እየዋጥኩ፣ ቀስ በቀስ ጣቶቼ ታዘዙልኝና ይኸው፣ ፊደሌ ቢንጋደድም እስክሪብቶ ይዣለሁ።

ሐኪሟ ትባረክ፤ እማዬም ስለዚያች እምቢታዋ። አንቺ ግን አፍሽ ሳንቲም ሳንቲም ካለሽ፣ ሆድሽ ከጠመዘዘሽ፣ ለሐኪም የምትበይውን ብቻ አትንገሪ። ባይጠይቅሽም የት እንደበቀለ ንገሪው።