የሸክላ ሠሪዋ ምራቅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ነፍስ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህችን ብቻ ይዣት ተመልሻለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ የምፈራቸው ሁሉ ሞተዋል። እናንተ ስሙኝ።

ጥሩነሽና ባሏ ከሰሜን ተሰደው አንኮበር አጠገብ ወዳለው መንደራችን የመጡት እኔ ሙሽራ ሳለሁ ነው። እሱ ብረት ቀጥቃጭ፣ እሷ ሸክላ ሠሪ። በሬው ሞልቶ ማረሻ የሚያበጅ ጠፍቶ ነበርና አገሩ በደስታ ተቀበላቸው። የቤት መሥሪያ መሬት የሰጧቸው አማቴ ናቸው። ቡዳ ናቸው ያለ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ድስቴን የሠራችልኝ ጥሩነሽ ናት፤ ልጄ የሞተብኝ ጊዜም ከጎኔ አልተነሣችም።

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ፤ ከብቱ አለቀ። በሬ የሌለው ሰው ማረሻ ምን ያደርግለታል? ወናፉ ዝም አለ። እንግዶቻችን ይባሉ የነበሩት መጤዎቹ ተባሉ። ደጃቸው ላይ ማረሻ ይዘው ይጋፉ የነበሩት ሰዎች፣ ጥሩነሽ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር።

እኔስ? እኔ ሰረቅሁ። አማቴ ለዘር የደበቁትን ገብስ እየዘገንሁ ጥሬውን ቆረጠምሁ። ሆዴ ተነፍቶ ወደቅሁ። አማቴ ቡዳ በላት ብለው ጎረቤት ጠሩ። በጢስ አጠኑኝ፤ ራሴን ይዘው፣ "ማን ነው የበላሽ? ተናገሪ" አሉኝ። ታማሚ የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ተብሎ ይጠበቃል። እውነቱን ብናገር ዘር በላች ተብዬ እባረራለሁ፤ በዚያ ዓመት መባረር ሞት ነው። አእምሮዬ ደህና ነበር፤ ይህን ያዙልኝ። አውቄ፣ መርጬ፣ "ጥሩነሽ" አልሁ።

ጎትተው አመጧት። ቡዳው ራሱ እንትፍ ካለበት ታማሚው ይድናል ይባላል።

"እኔ አልበላኋትም" አለች። "ግን የሚያድናት ከሆነ ምን ከፋኝ።"

ጎንበስ ብላ እንትፍ አለችብኝ።

ተነሣሁ። ጢሱ ዓይኔን ስላቃጠለኝ፣ ነገሩ እንዲያበቃ ስለፈለግሁ ተነሣሁ። እንደተኛሁ ብቀር ምናልባት ቡዳነቷን ይጠራጠሩ ነበር። መነሣቴ ፈረደባት።

ያንኑ ዕለት ጎጇቸውን አቃጥለው ወደ ቆላ አባረሯቸው። ደርሰው ይሁን መንገድ ላይ ወድቀው ይሁን የነገረኝ የለም። የዘሩ መጉደል ሲታወቅም በእሷ ተላከከ፤ ያኔም ዝም አልሁ።

ርቦኝ ነበር ልበል? እሷም ርቧት ነበር። ልጅ ነበርሁ ልበል? ከእኔ ብዙ አትበልጥም ነበር። ድስቷ እስኪሰበር ድረስ ሠርቼበት በልቻለሁ። ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ያ ምራቅ አሁንም ይሞቀኛል።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። ከበሩ ሲጎትቷት ዞር ብላ አየችኝ። በእግሬ ቆሜ ነበር። የዳንሁ መስሏት ደስ አላት።