የዳፊንካ መልስ እና ሁለቱ ጭንቅላቶች

ጎረቤቴ ዳፊንካ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲጠይቃት የኖረች ሴት ናት። በከተማችን በያምቦል ባቡር ጣቢያ፣ "መረጃ" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት ተቀምጣ፣ የቡርጋስ ባቡር መቼ እንደሚመጣ ትናገር ነበር። በድምፅ ማጉያ ተናግራ ሳትጨርስ ሰው መስኮቷ ሥር ተሰልፎ ያንኑ ይጠይቃታል። እየተነጫነጨች ትመልሳለች፤ ሳትመልስ የሸኘችው ግን የለም። ጡረታ ስትወጣ መስኮቷ ናፈቃት መሰለኝ፣ "ጎረቤት ጠይቅ" የሚባል ድረ ገጽ ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

ያን ጊዜ ገጹ ትንሽ ነበር። አንዱ ቲማቲሜ ለምን ጠቆረ ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። ጥሩው መልስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የማይረባው ወደ ታች ወርዶ ይታጠፋል። በየወሩ ደግሞ "የማኅበራችን ዜና" ይመጣል፤ እገሌ አያት ሆነ፣ እገሊት ዳሌዋን ታክማ ተመለሰች። ዳፊንካ በረንዳዋ ላይ ሆና ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ በረንዳችን የተያያዘ ስለሆነ ባልፈልግም እሰማለሁ።

ከዚያ ገጹ ማደግ ጀመረ። እድገት የሚባለውን ነገር እኔ መቼም አላምነውም። ዋና ከተማችን ሶፊያ ውስጥ ቢሮ ተከራዩ፣ ገጹን የሚያሳምር ሰው ከውጭ አገር አስመጡ። ያም ሰው ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ሁለት የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ጭንቅላቶች ሣለ። መልሱን የወደደ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነቀነቀውን ይነካል፣ ያልወደደ ግራና ቀኝ የሚወዘወዘውን። እኛ ቡልጋሪያዎች ደግሞ ነፍስ ካወቅን ጀምሮ እሺ ስንል ግራና ቀኝ እንወዘውዛለን፣ እምቢ ስንል ወደ ላይና ወደ ታች እንነቀንቃለን። ዳፊንካ በመጀመሪያው ቀን ጻፈችላቸው። ማርቲን የሚባል የቢሮው ልጅ፣ "ወይዘሮ ዳፊንካ፣ ዓለም የሚጠቀምበት ይኸው ነው፤ ማኅበረሰቡ ይለምደዋል" ብሎ መለሰላት። ተናዳ ተናዳ ለመደችው። ጥፋቷ፣ እሷ ስለለመደች ሁሉም የለመደ መሰላት።

ፋሶሊያ ሊደርስ ሲል አንዲት ሴት ጠየቀች፦ ፋሶሊያ በብልቃጥ አሽጌ ለክረምት ማቆየት እፈልጋለሁ፣ እንዴት ላድርግ? ዳፊንካ የጻፈችው አጭር ነበር። "በብልቃጥ አታሽጊ፣ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው። አስፕሪን ጨምሪበት የሚልሽን አትስሚ። ባሌ ከእንዲህ ያለ ብልቃጥ በልቶ ተመርዞ ክረምቱን ሙሉ በመተንፈሻ መሣሪያ ተኝቷል። በሽታውም በጣዕሙም መበላሸቱ አያስታውቅም ነበር።" እውነቷን ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሏ አሰን ያኔ የዓይኑ ቆብ ወድቆ፣ ሚስቱን ለማየት በጣቱ ነበር የሚገልጠው።

ከሥሯ "የቃሪያው ንጉሥ" ነኝ የሚል ሰው፣ "ሁለት አስፕሪን፣ ጨው፣ ክዳኑን ግጥም። መቀቀል የሚባል ጣጣ የለም፣ አያቶቻችን ሞኞች አልነበሩም" ብሎ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ የሱ ላይ ወጣ፣ የሷ ታች ወርዶ ታጠፈ።

"ስታሜን፣ ና እየው" አለችኝ ከበረንዳዋ። "ሰው የሚገድለው ላይ ወጥቶ እኔ ታች ተቀብሬልሃለሁ።"

"ሰዉ ጭንቅላቶቹ ተምታተውበት ነው።"

"ሕፃን ናቸው እንዴ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ የለመድኩትን?"

"አንቺማ መች ሰው ነሽ፣ ባቡር ጣቢያ ነሽ።"

"ሂድ ወደዚያ" ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

ለማርቲን ደጋግማ ጻፈች። መልስ የለም፤ የመጣው የወሩ ዜና ነው። "እድገታችን ቀጥሏል። የአባሎቻችን ተሳትፎ በእጥፍ ጨምሯል። የወሩን ከፍተኛ ክርክር ያስነሣው መልስ የአንጋፋዋ አባላችን የወይዘሮ ዳፊንካ ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት" ይላል፣ የአበባ ሥዕል ተደርጎበት። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። "ሰው ሊሞት ነው፣ እነሱ ተሳትፎ ይላሉ" አለች። እኔም ደሜ ፈላ። ጣቢያው ላይ የተናደደ ሰው ቢያንስ መስኮቱን ይደበድብ ነበር፤ የነዚህ መስኮት የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም።

ፋሶሊያ ካለፈ በኋላ ታናሽ እህቷ ኔቬና ከመንደር መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከከረጢቷ አንድ ብልቃጥ ፋሶሊያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ይኸው ባንቺ መልስ የሠራሁት።"

ዳፊንካ ብልቃጡን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ከታች ነጭ ደቃቅ ተኝቷል፣ አስፕሪን ነው።

"ይኼ የኔ አይደለም። የኔን አንብበሽዋል?"

"በምን ዓይኔ፣ ያኔ መነጽሬ ተሰብሮ። ያንቺ ሥዕል ያለበትን ዓይቼ ግራና ቀኝ የሚለውን ጭንቅላት ነካሁልሽ። መንደሩን ሁሉ አስነካሁልሽ፣ የቄሱ ሚስት ሳትቀር። መነጽሬን አሠርቼ ገባሁና ስሙን ሳላይ ላይ ያለውን ወሰድኩ። ያን ያህል ሰው ወዝውዞልሽ ላይ ያለው ያንቺ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?"

"እናንተ ናችሁ?" አለች ዳፊንካ ቀስ ብላ። "የቀበራችሁኝ እናንተ ናችሁ?"

ኔቬና ስላልገባት እኔ አስረዳኋት። በእጇ አፏን ያዘች።

"ቀምሰሽዋል?"

"ኧረ የለም፣ የመጀመሪያውን ላንቺ ብዬ።"

"መንደሩስ?"

"ሁሉም አሽገዋል። ለክረምት ነው ብለው ገና አልከፈቱም።"

"አሁኑኑ ለሁሉም ደውይ። ማንም እንዳይከፍት፣ በምላሱም እንዳይነካ። ገባሽ?"

ኔቬና እንባዋ እየወረደ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

"ምን እምቢ ትይኛለሽ!" ብላ ጮኸችባት ዳፊንካ።

ኔቬና ዓይኗን አፍጥጣ እህቷን አየቻት።

"እሺ እኮ ነው ያልኩሽ፣ እትዬ።"

ዳፊንካ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ስትናደድ እንጂ ስትደነግጥ አይቻት አላውቅም ነበር። ስልኩን አንሥታ ለእህቷ ሰጠቻት።

"ጭንቅላትሽን ተይው" አለቻት። "በአፍሽ ንገሪኝ።"