ጨረቃና የሳምቡሳ ዘይት

እኔ በቀላሉ የሚቀፈው ሰው አይደለሁም። ወልድያ ውስጥ በአንድ ላቦራቶሪ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ አሜባም ሆነ ወስፋት ምሳዬን አስትቶኝ አያውቅም። ሌንስ ላይ የጣት አሻራ ሳይ ግን ያቅለሸልሸኛል። ቅባት ያለበት ጣት ከሆነማ አይነሳ! ያን ዕለት መርሳ ላይ የሆነውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ትፊ ትፊ ይለኛል።

ነገሩ የአባቴ ነገር ነው። አባቴ በሰፈራችን ጨረቃ አይተው የሚመሰክሩ ሰው ነበሩ። ረመዳን ሃያ ዘጠኝ ሲሞላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከመርሳ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብለው ይቆማሉ። ከተማው መሐል ሆኖ ማየት አይሆንም፤ ምዕራቡን ተራራው ዘግቶታል፣ አዲስ ጨረቃ ደግሞ ዝቅ ብላ ብቅ ትልና ወዲያው ትጠልቃለች። ስለዚህ ከተራራው መራቅ ነው። አባቴ "አየሁ" ካሉ ሰፈሩ ለኢድ ይሰናዳል። ሬዲዮውም ስልኩም ቢኖር፣ የእሳቸውን ቃል ሳይሰማ ልቡ የሚያርፍ ጎረቤት አልነበረንም።

ኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አምና እንደ ልማዳቸው ወጥተው "አየኋት" ብለው ማሉ። ሌላ ማንም አላያትም። በማግስቱ ጾም ሆነ፤ የአባቴም ቃል ቀለለ። የእህቴ ባል፣ ያ ጨርቅ ነጋዴው፣ ሰው በተሰበሰበበት "ላም አለኝ በሰማይ!" ብሎ ተሳለቀባቸው። ሰዉም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጨረቃ የሚባል ነገር አንስተው አያውቁም። እኔ ግን አንጀቴ እርር ብሎ ከረመ።

ስለዚህ ቴሌስኮፕ ገዛሁ። ትንሽ ናት፣ ክንድ የምታህል ቱቦ፤ ከፊቷ ሌንስ፣ ከኋላዋ ዓይን የሚጠጋበት ሌላ ሌንስ፣ ከሥሯ ሦስት እግር። ስልኬን ከኋላዋ አስጠግቼ ፎቶ ማንሳት ተለማመድኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። አባቴ በጣታቸው ያሳዩኛል፣ እኔ አነሳለሁ፣ ያ ባለጌ አፉን ይዘጋል።

ቀኑ ሲደርስ አባቴን ለምኜ አወጣኋቸው።

"ምን ልሠራ ልጄ? ለሳቅ?" አሉኝ።

"ይምጡ ብቻ፣ አባ" አልኳቸው።

ማሽላ የታጨደበት ማሳ ላይ ቆምን። ገና ቴሌስኮፗን ሳልተክል የእህቴ ባል ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ፣ ሳምቡሳ በፌስታል ሞልቶ ከች አለ። ማን ጠራው? ማንም። አዛን ሲል ሁሉም ቢስሚላህ ብሎ በተምር አፈጠረ፤ ከዚያ ሳምቡሳው ላይ ተረባረበ። ጨረቃ የሚታይበት ሰዓትና ሰው እጁን ዘይት የሚነክርበት ሰዓት አንድ መሆኑ እኔ ላይ የወረደ መዓት ነው። ጾመው የዋሉ ናቸው፣ ይብሉ! ግን ሰው እንዴት ሳይታጠብ የሰው ዕቃ ይነካል? አንዱ ቱቦዋን ይዳስሳል፣ ሌላው ያሽከረክራታል፣ አንዲቱ አፏ ፍርፋሪ እንደሞላ ዓይኗን ትደቅናለች። የእህቴ ባል ደግሞ በፊት በኩል ዞሮ ሌንሱን ተመለከተና "አቧራ አለበት፣ ዶክተርዬ" ብሎ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ በአውራ ጣቱ ጠረገው። በዚያ ጣት! የዘይቱ ዱካ ሲታየው አፉን ከፍቶ "ሃ" ብሎ ተነፈሰበትና በሸሚዙ ጫፍ አሸው። የሽንኩርት ትንፋሹ እኔ ድረስ መጣ። ሌንሱ ላይ ቅባቱ ቀስተ ደመና ሠራ። ጮህኩበት። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም።

"ምን ያስቆጣሻል? ላጸዳልሽ ነው እኮ" አለኝ።

የሌንስ ወረቀቴን አውጥቼ ማሸት ያዝኩ። ቅባት በደረቅ ወረቀት ሲያሹት ይሰፋል እንጂ አይለቅም። ሰማዩ ደግሞ እየጨለመ ነበር፤ ጨረቃዋ ካለች አሁን ናት፣ ካመለጠችም አመለጠች። ሰዉ ወደ ላይ እያፈጠጠ "የለችም፣ የለችም" ይላል። አባቴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። በኋላ ምርኩዙን አነሱና፣ ተራራው እንደ ኮርቻ ከጎደጎደበት ትንሽ ወደ ግራ አመለከቱኝ።

"እስቲ እዚያ ሞክሪ።"

የእህቴ ባል ሳቁን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረም።

ቱቦዋን አዞርኩ። በዘይቱ ጭጋግ ውስጥ፣ ተቆርጦ የወደቀ ጥፍር የምታህል ነገር። ነበረች! ስልኬን አስጠግቼ ደጋግሜ አነሳሁ። ፎቶው ላይ ቅባቱ ዙሪያዋን አደብዝዟታል፤ ጨረቃነቷ ግን አያከራክርም። "ይኸው! አባቴ ባሉት ቦታ!" አልኩ። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሁሉም የጣቱን ወዝ እየጣለበት። "አላሁ አክበር!" ተባለ። አምና ከሳቁት አንዱ፣ ጎረቤታችን፣ "አፉ ይበሉኝ" ብሎ አባቴ ትከሻ ላይ ተጠመጠመ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ነበር።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ አላየሁም" አሉ።

"አባ! አንቱ አይደሉም እንዴ ያሳዩኝ?"

"ቦታዋን አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ። አምና ያየሁ መስሎኝ ማልኩ፤ ለካ የዓይኔ ሞራ ኖሯል። ዘንድሮ ላላየሁት አልመሰክርም።"

ከኋላችን የእህቴ ባል በራሱ ስልክ ለሰው ደውሎ ይጮሃል። "ወላሂ በዓይኔ ነው ያየኋት! በእነዚህ በሁለቱ ዓይኖቼ!" ይላል። ወደ ሰማይ ቀና እንኳ አላለም! ያየው የስልኬን መስታወት ነው፣ እሱንም በዚያ ጣቱ እያሻሸ። ቱ! ዞሬ ልናገረው ስል አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ተይው" አሉ።

ጨረቃዋ ተራራው ኋላ ገባች። ይዣቸው ስንመለስ፣ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብለው "ቀንዷ ወዴት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"ወደ ላይ፣ አባ።"

"ቀጭን ናት?"

ቆም አልኩና ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጬ በጥፍሬ ሳልኩላቸው። ከተምሯ በቀር እህል አልነኩም ነበር፤ መዳፋቸው ደረቅና ንጹሕ ነው። እጃቸውን ጨብጠው እስከ ቤት ድረስ ሳይከፍቱት ሄዱ።

በማግስቱ ከኢድ ሶላት በኋላ ሰዉ የእህቴን ባል "ጨረቃዋን ያየው" እያለ ተሰልፎ ይጨብጠዋል። እሱም የሳምቡሳ ፌስታሉን በግራ እጁ እንደያዘ፣ በቀኙ እየጎረሰ፣ ምርቃት ይቀበላል። አባቴም ተራቸውን ጠብቀው "ኢድ ሙባረክ" ብለው ጨበጡት። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ጨረቃዋን የሳልኩበትን መዳፋቸውን በሻርፔ ጫፍ ጠረጉ።