በእናቴ ያሳቅሁበት ጽሑፍ

የተቀቀለ የዱቄት ሙጫ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲሸተኝ፣ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ መሄድ ያምረኛል። በደርግ ጊዜ፣ መርሳ ውስጥ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የትምህርት ቤታችንን የግድግዳ ጋዜጣ የምንለጥፈው በዚያ ሙጫ ነበር።

እናቴ ዘይነባ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፉ አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ዳር ፓፓያ ትሸጥ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ መጽሐፏን በብብቷ ሸጉጣ፣ ዝናቡ እየደበደባት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትሄድ ነበር። ቤት ስትመለስም ቁጭ ብላ፣ «ቀ፣ ቁ፣ ቂ» እያለች ጣቷን በገጹ ላይ ታስኬዳለች፤ አንዳንዴ መጽሐፉን ዘቅዝቃ ስለምትይዘው፣ እኔ ሳቄን ለማፈን ደጅ እወጣ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት፣ የጋዜጣው ኃላፊ የነበሩት መምህር «የሚያስቅ ነገር አምጡ» አሉን። እኔም «ዘቅዝቃ አንባቢዋ» የምትል ጽሑፍ ይዤ ሄድሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ ፓፓያ ሻጭ መሆኗን፣ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ገጽ ማገላበጧን ግን አንድም ሳላስቀር ጻፍሁት። ተማሪው ግድግዳውን ከቦ ሲንከተከት፣ መምህሩም «አንቺ እኮ ጋዜጠኛ ነሽ!» ሲሉኝ፣ በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ወሬው ሳምንት ሳይሞላው ገበያ ደረሰ። አንዲት ጎረቤታችን ፓፓያ እየመረጠች፣ «ዘይነባ፣ ዘቅዝቃ አንባቢዋ አንቺ ነሽ አሉ?» ብላ ሳቀች። እናቴ አብራ ልትስቅ ሞከረች፤ ከዚያ አጠገቧ ወደቆምሁት ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ።

በማግስቱ፣ ትምህርቷ ገና ሳያልቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከቤት አልወጣችም።

«እማ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ሥራ አለብኝ ልጄ፣ ይቅርብኝ።»

በጋው አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ እሷ ወደ አዳራሹ አልተመለሰችም፣ እኔም ይቅር በይኝ አላልኋት።

ያቺ ጽሑፍ እንጀራዬ ሆነች። አዲስ አበባ ገብቼ የመጽሔት ዘጋቢ ሆንሁ፣ ቀጥሎም ጋዜጣ ላይ ሳምንታዊ ዓምድ ያዝሁ፤ አንባቢ የሚወድልኝ በሰው መቀለዴን ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፌን ይዤ መርሳ ስሄድ፣ እናቴ ሽፋኑን ዳሰስ አድርጋ፣ «ስለ እኔ አለበት?» አለችኝ።

«የለበትም፣ እማ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ተነፈሰች።

ያኔ ሳላማክራት አወጣሁባት፤ ይህችን ጽሑፍ ግን ከማሳተሜ በፊት መርሳ ሄጄ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አነበብሁላት። ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «ይውጣ፣ ግድ የለም» አለችኝ። ያን ጊዜ ሰው ባላስቅባት ኖሮ ራሷ ታነበው ነበር።